ለቁመቷ የመዘገብናት ልጅ

ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ፣ ከታች የሞባይል ሱቅና የግንባታ ዕቃ መሸጫ ባለበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ የአንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ኮሌጁ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፎቅ ተከራይቶ ነርሲንግ፣ ፋርማሲና አካውንቲንግ ያስተምር ነበር። ቢሮዬ ከደረጃው ፊት ለፊት ስለነበር ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወረደ፣ ማን ደግሞ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆሞ ሐሳቡን ቀይሮ እንደተመለሰ ተቀምጬ አያለሁ። በምዝገባ ሰሞን ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። ሰው እግሩን ደረጃው ላይ አንሥቶ ሲያመነታ እያዩ መቀመጥ።

አንድ ዓመት የሚመለሱት በዙ። መንገዱ አንዳንድ ሳምንት ክፍት፣ አንዳንድ ሳምንት ዝግ ነበር። ከገጠር የሚመጡ ወላጆች ልጃቸውን ከተማ ጥሎ መሄድ ይፈራሉ። በዚያ ላይ የግል ኮሌጅ ወረቀት ሥራ አያስገኝም የሚል ወሬ ተነዛ። ምዝገባ ብለን በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ለጥፈን፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የመዝገቤ የመጀመሪያ ገጽ እንኳ አልሞላም ነበር።

ዲናችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት በሬን ሳያንኳኩ ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን እናቋቁማለን» አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። «ለሦስተኛ ፎቅ ወንበር አልተገዛም እኮ» አልኳቸው።

«ወንበር ሰው አይጠራም።»

ነገሩን ያሰቡት ለዘመድ ሠርግ ጊምቢ ሄደው ነው። በሠርጉ ማግሥት ሁለት ኮሌጆች ሜዳ ላይ ሲጋጠሙ አዩ። የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ ሲጫወቱ ሽማግሌው ሳይቀር ቆሞ ያያል፤ ጨዋታው ሲያበቃ የኮሌጁ ሠራተኞች በሰዉ መሀል እየዞሩ የምዝገባ ወረቀት ያድላሉ። «ሰዉ ወረቀቱን አልጣለውም» አሉኝ። «አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የእኛን ወረቀት ግን ፍየል ነው የሚበላው።»

እኔ ስለ ኳስ የማውቀው አልነበረኝም። አያቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ ላይ የቀረ ነጋዴ ነው። ያደግሁት አማርኛው ከጎጃም፣ አፋን ኦሮሞው ከጎረቤት በሆነበት ቤት ነው። እናቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንኳ ፈጥኜ ከተራመድኩ ትቆጣኝ ነበር። «ምን ሆና ነው የምትሮጠው ይሉሻል» ትለኝ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ አሞኛል እያልኩ ጥግ ይዤ እቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ተጫዋች ፈልጊ ተብላ የተላከችው።

የተላክሁበት ምክንያት ግን ግልጽ ነበር። የተቀጠረው አሰልጣኝ በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ስፖርት የሚያስተምር፣ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው። ጨዋ ሰው ቢሆንም ብቻውን ሄዶ «ልጃችሁን ስጡኝ» ቢል ማንም አይሰጠውም። ሴት፣ ያውም ቋንቋውን የምትችል፣ ያውም የኮሌጅ ማኅተም የያዘች ሴት አብራው መሄድ ነበረባት።

ሲሬን፣ አርጆን፣ ባኮን አዳረስን። አኖ የምትባለው ትንሽ ከተማ የደረስነው በአንድ ዓርብ ከሰዓት ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ካለው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሴት ልጆች በሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ መሀል ገመድ ወጥረው ይጫወታሉ። አንዷ ከሁሉም በአንድ ራስ ትበልጣለች። ሌሎቹ ኳሱን ባላቸው ኃይል ሁሉ ይመታሉ። እሷ ግን ከገመዱ በላይ ትነሣና ቁልቁል አየት አድርጋ፣ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ በቀስታ ታስቀምጠዋለች። አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«እሷ ናት» አለ።

ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከእናቷ ጋር መንገድ ዳር ማንጎ ስትሸጥ ቆይታለች። አውቶቡስ ሲቆም ሌሎቹ ልጆች ማንጎውን ወደ መስኮቱ ለመድረስ ሲዘሉ፣ እሷ ቆማ ታቀብላለች አሉን እየሳቁ።

አባቷ በርና መስኮት የሚሠሩ አናጢ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነበሩ። የሥራ ቦታቸው ከቤቱ ጎን ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ጣውላ ላይ የተከመረውን ፍቅፋቂ በእጃቸው ጠርገው አስቀመጡን። የተነጋገርነው በአፋን ኦሮሞ ነው።

«አካም ጅርቱ ኦቦ» ብዬ ሰላምታውን ከጨረስኩ በኋላ ጉዳዬን ተናገርሁ። «ልጅዎን ኮሌጃችን በነፃ ሊያስተምራት ይፈልጋል።»

«በነፃ ለምን?»

«ትጫወትልናለች» አለ አሰልጣኙ።

ሰውየው ልጃቸውን አዩ። በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጭንቅላቷን ጉበኑ እንዳይመታት ዝቅ አድርጋ። «ረጅም ስለሆነች ነው?»

«እሱም አለበት» አልኩ።

«እሺ አዴ» አሉኝ፤ እዚያ አገር የተከበረች ሴት የምትጠራበት ነው። «እግሯ ቢሰበር፣ ወይም ኳሱ ቢሰለቻት፣ ትምህርቱም አብሮ ሊቀር ነው?»

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞረ። ስለዚህ ነገር ከዲኑ ጋር የተነጋገርነው ነገር አልነበረም። እኔ ግን ሰውየው ፊት «ልጠይቅና ልመለስ» ማለት አፈርሁ። «አይቀርም» አልኩ። «ነርስ ሆና ትወጣለች። ሳትሆን ብትቀር እኔን ይጠይቁኝ።»

ከጆሮአቸው ላይ እርሳሳቸውን አውርደው ሰጡኝ። የደንበኞቻቸው ስልክ በተጻፈበት የግድግዳ ጣውላ ላይ ቁጥሬን ጻፍሁ። ልጅቷ በዚያን ቀን የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ነርሲንግ ነው አይደል? አካውንቲንግ አይደለም?»

ቡድኑ በሁለት ወር ውስጥ ተቋቋመ። ሜዳ ስላልነበረን አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢውን ጠዋት ጠዋት ፈቀደልን። ማሊያው ሰማያዊ ነው፤ ከቁምጣው ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥብቅ ሱሪ እንዲኖረው ያደረግሁት እኔ ነኝ። እናቶቹን ስለማውቃቸው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ዕለት አይሱዙ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነን ከተማውን ዞርን። ሰው መጣ። እኔም ከዚያ በፊት ጨዋታ አይቼ አላውቅምና፣ ልጅቷ ከመረቡ በላይ በተነሣች ቁጥር ሳላስበው ከተቀመጥሁበት ብድግ እል ነበር። አንዴ አጠገቤ ያለውን የማላውቀውን ሰው ትከሻ ይዤ ጮህኩ። ኋላ አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ በኋላ በደረጃው ላይ የሚያመነቱት ቀነሱ። የሚመጡት ልጆች ስለ ትምህርቱ ሳይሆን «ረጅሟ ያለችበት ኮሌጅ ይኼ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። በተለይ ከአኖና ከአካባቢው ብዙ ሴት ልጆች መጡ። አንዲት እናት አጭር፣ ዓይነ አፋር ልጇን እጇን ይዛ ገባችና ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«የእኔዋ ኳስ አትችልም» አለችኝ። «ትወስዷታላችሁ?»

«ኳስ መቻል የለባትም። መማር ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ኳሱን የምታሳዩን ለምንድን ነው?»

ሳቅሁና የልጅቷን ስም ጻፍሁ።

የነርሲንጉን ክፍል ሁለት አድርገን ከፈልነው። ዲኑ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንበር አስገቡ። በእነዚያ ወራት ደስተኛ ነበርሁ፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ባዶ ክፍል ባለበት ኮሌጅ መሥራት ሰው በሞተበት ቤት እንደ መቀመጥ ነው። አሁን ግን ደረጃው ከጠዋት እስከ ማታ ይንኳኳል።

ችግሩን መጀመሪያ ያየሁት በወረቀት ነው። የሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት ስመዘግብ፣ የረጅሟ ልጅ የጽሑፍ ፈተናዎች ለጥቂት አልፈዋል፤ የተግባሩ ረድፍ ግን ባዶ ነው። የነርሲንግ መምህሯን ጠራኋት። ብዙ ዓመት ሆስፒታል የሠራች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት።

«የተግባር ትምህርቴ ጠዋት ነው» አለችኝ። «ልምምዳቸውም ጠዋት ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ግጥሚያ አለ ይሉኛል። ሆስፒታል የምልካቸው ቀን ደግሞ ጊምቢ ሄደዋል ይሉኛል። ያላየኋትን ልጅ ምን ብዬ ውጤት ልስጣት?»

«ለዲኑ ነግረሻቸዋል?»

«ይስተካከላል አሉኝ።»

ልጅቷ ራሷ የመጣችው ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ከአኖ መመለሷ ነበር። ተማሪዎቹ ሠራተኛውን ሁሉ፣ እኔንም ጨምረው፣ ቲቸር ነው የሚሉን። በሩን ዘግታ ቆመች። ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ ለአንድ ሴሚስተር ከቡድኑ ውጪ መሆን እፈልጋለሁ።»

«ምን ሆንሽ? ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም።» ከዚያ ነገሩን ነገረችኝ። ቤት በሄደችበት ቅዳሜ አንዲት ጎረቤታቸው መጡ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የደም ግፊት መለኪያ ልኮላቸዋል፤ በእጅ እየተነፋ፣ በማዳመጫ የሚለካውን ዓይነት። የነርስ ተማሪዋ መጣች ሲባል ሰምተው፣ ክንዳቸውን እየገለጡ አባቷ ዳስ ውስጥ ተቀመጡ። «መጠቅለያውን አሠርሁት» አለችኝ። «ነፋሁት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ምን መስማት እንዳለብኝ አላውቅም ቲቸር። አስተማሪያችን ያሳየችን ቀን እኔ ባኮ ነበርሁ።»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«መርፌው ተጣብቋል፣ ተበላሽቷል አልኳቸው።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «አመስግነውኝ ሄዱ። እኔ ያመጣኋቸው የአኖ ልጆች ሁሉ መለካት ይችላሉ። እኔን አይተው ነው የመጡት። እነሱ ነርስ ሊሆኑ ነው፤ እኔ ግን...» አልጨረሰችውም።

ይህን ይዤ ዲኑ ጋ ገባሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ለአዲሱ ዙር ምዝገባ የታተመውን ፖስተር አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ልጅቷ በአየር ላይ ናት፤ እጇ ከመረቡ በላይ ተዘርግቷል። ከሥሯ የኮሌጁ ስምና የምዝገባው ቀን አለ።

«ከነገ ጀምሮ ይህ በየከተማው ይለጠፋል» አሉ። «በምዝገባው ሳምንት ትልቁ ግጥሚያ አለ። እሷ ከሌለች ሰው ምን ሊያይ ይመጣል? በነፃ የምትማረውም ስለምትጫወት ነው። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ለአባቷ ነርስ ሆና ትወጣለች ብያቸዋለሁ።»

«ትወጣለች። ከምዝገባው በኋላ እናስተካክለዋለን።» ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ እኔን ለመርታት ሳይሆን ራሳቸውም እንደጨነቃቸው ሰው፣ «ክፍሎቹ ባዶ ቢሆኑ እኮ እሷም የምትማርበት አይኖርም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቷ ደወሉ። ከግድግዳው ላይ ቁጥሬን አይተው የደወሉት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስለ ቤቴ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ መንገዱ ደህንነት በየተራ ጠየቁኝና በመጨረሻ «ኢንተልቲ ባራቻ ጅርቲ?» አሉኝ። ልጅቷ እየተማረች ነው?

«ባራቻ ጅርቲ» አልኳቸው። እየተማረች ነው።

በሥራዬ ብዙ ሰው ያልወደደውን ነገር ተናግሬ አውቃለሁ። አላለፍክም፣ ቀኑ አልፎብሃል፣ ወረቀትህ ጎድሏል ብዬ አውቃለሁ። ውሸት ግን ተናግሬ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወረድሁ። ልጆቹ ልምምድ ጨርሰው ውኃ እየጠጡ ነበር። አሥራ አንድ ናቸው። ከበው ቆሙ፤ ማሊያ ላድል የመጣሁ መስሏቸዋል።

«ስንቶቻችሁ ናችሁ የተግባር ውጤት የሌላችሁ?» አልኳቸው።

ተያዩ። መጀመሪያ ረጅሟ እጇን አወጣች፤ ከዚያ ለመቺዎቹ ኳስ የምታመቻቸው አቀባይዋ፣ ከዚያ ሌሎቹ። እጇን ያላወጣችው ከመካከላቸው አካውንቲንግ የምትማረው አንዷ ብቻ ናት።

«ስሙኝ» አልኩ። «ምዝገባ በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል። ፖስተሩ ተለጥፏል። ዲኑ በእነዚህ አሥር ቀናት እናንተን እምቢ ማለት አይችሉም። ከዚያ በኋላ ግን ይችላሉ። የምትፈልጉትን ተነጋገሩ።»

አሰልጣኙ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ዞር ስል አየሁት። «እኔ አልሰማሁም» አለና ኳሶቹን ለመሰብሰብ ወደ ግቢው ጥግ ሄደ።

የሠራሁት ነገር ለዲኑ ክህደት ነው። በችግር ጊዜ ደመወዜ ሳይቋረጥ ያቆዩኝ፣ እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ቤቴ ተቀምጠው ያጽናኑኝ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ እያሰብሁ ነው ደረጃውን የወጣሁት።

ከምሳ በኋላ አሥራ አንዱም ልጆች ቱታቸውን እንደለበሱ መጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ተነሥተው ያሳልፋሉ፤ መልሰው ይቀመጣሉ። ዲኑ ከቢሮአቸው ወጥተው አዩአቸው። የተናገረችው አቀባይዋ ናት፤ የነቀምቴ ልጅ፣ ከሁሉም አጭሯ።

«መጫወት አልጠላንም» አለች። «ልምምዱ ከትምህርት በኋላ ይሁን። ሆስፒታል በምንሄድበት ቀን ግጥሚያ አይኑር። የነርሲንግ ተግባር መማሪያ ክፍሉ ደግሞ ቅዳሜ ይከፈትልን፤ ያለፈንን እንማር። ይህ ካልሆነ በምዝገባው ሳምንት አንጫወትም።»

ዲኑ ከልጆቹ በላይ ወደ እኔ በር አዩ። «የምዝገባውን ሳምንት ነገር ማን ነገራቸው?»

ወጥቼ ቆምሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። ቁጣ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን ድካም ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር እነጋገራለሁ» አሏቸው ልጆቹን። «ማታ ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከፈቀዱልን ይሆናል። ቅዳሜም ይከፈታል። አሁን ውረዱ፤ ሰው መንገድ አጥቷል።»

ልጆቹ ሲወርዱ ሁለታችን ቀረን።

«ብትነግሪኝ ይሻል ነበር» አሉኝ።

«ነግሬዎት ነበር።»

«አንድ ጊዜ ነው የነገርሽኝ» አሉ። «ሁለተኛ አልመጣሽም።»

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሁለተኛ ብሄድ ይሰሙኝ ነበር ወይ? አላውቅም። ግን አለመሄዴ እውነት ነው። በአንድ እምቢታ ተመልሼ፣ ልጆቹን ፊት አሰለፍሁ።

እሑድ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍሬ አኖ ሄድሁ። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ የሰንበት ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሳልቀመጥ ተናገርሁ።

«ኦቦ፣ በስልክ የነገርኩዎት እውነት አልነበረም። የተግባር ትምህርት አምልጧታል። ሳውቅ ነው እየተማረች ነው ያልኩዎት።»

«አውቅ ነበር» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ጎረቤታችን ክንዳቸውን ሲሰጧት እዚህ ነበርሁ። መርፌው ተጣብቋል አለቻቸው። በማግሥቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣችና በዚያው መለኪያ ለካቻቸው።» ጣውላውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ልጄን አላሳፍራትም ብዬ ዝም አልኩ።»

«ካወቁ ለምን ጠየቁኝ?»

«እርስዎም ያውቁ እንደሆነ ለማወቅ ነው» አሉ። «የማያውቁ ከሆነ ልነግርዎ፣ የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ እንዲነግሩኝ።»

መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። ሰውየው ግን አልወቀሱኝም። ባለቤታቸውን ጠርተው ወተት አስመጡልኝ። ስጠጣ እንዲህ አሉኝ፦ «መንገድ ከፍለው የመጡት ይህን ለመናገር ብቻ ከሆነ ይበቃል። አሁን ግን ትማር።»

ቅዳሜ ቅዳሜ የተግባር መማሪያ ክፍሉ ተከፈተ። የነበረን የማስተማሪያ አሻንጉሊት አንድ ነው፤ እሱም ክንዱ አንድ ጊዜ ወድቆ ተሰንጥቋል። ስለዚህ ክንድ የሚያበድር ሰው ያስፈልግ ነበር። መምህሯ እኔን አስቀመጠችኝ። ረጅሟ ልጅ ክንዴን ደጋግማ እያሠረች እየፈታች፣ ማዳመጫውን እያነሣች እየመለሰች፣ ከንፈሯን ነክሳ ታዳምጣለች። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮቿ ለሰው የማይሆኑ ነበሩ። መምህሯ «በዚህ ግፊትማ ቲቸር ሞታለች» ስትል ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ክንዴ ቀላ። በሦስተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፣ ቀና ብላ ዓይኗን አፍጥጣ «ሰማሁት!» አለች። «ቲቸር፣ ሰማሁት!»

ግጥሚያውን ተሸነፉ። ልምምዱ ቀንሶ ነበር፤ ተጋጣሚዎቻቸውም ጠንካራ ነበሩ። ረጅሟ ሁለት ጊዜ ኳሱን መረብ ላይ መታችው። ከሜዳው ዳር የሰደቡን ነበሩ። ዲኑ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እስከ መጨረሻው ቆሙ። ሲያበቃ ወደ ልጆቹ ሄደው አንድ በአንድ ጨበጧቸው። እኔ ወረቀት ስንሰጥ ማን ይቀበለናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰዉ ተቀበለን። ካለፈው ዓመት ያነሰ ተማሪ መጣ፤ ግን ክፍሎቹ ባዶ አልሆኑም። ኳሱ ነው ያመጣቸው፣ ወይስ ትምህርቱን ካዩ የአኖ ልጆች አፍ ሰምተው ነው የመጡት፣ መለየት አልቻልሁም። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ስለ ኮሌጁ ከማን ሰማችሁ?» የሚል ጥያቄ አለ። አብዛኞቹ «ከጓደኛ» ብለው ነበር የሞሉት።

ልጅቷ የብቃት ምዘናውን፣ እኛ ሲኦሲ የምንለውን፣ መጀመሪያ ስትፈተን በአንዱ የተግባር ክፍል ወደቀች። ሁለተኛ ተፈትና አለፈች። አሁን ከሲሬ ወዲያ ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ትሠራለች። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ኳስ ትጫወቻለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ በጤና ጣቢያው ግቢ መረብ የሚወጠርበት ቦታ የለም፣ ታካሚም ጊዜ አይሰጥም አለችኝ። ይቆጭሻል ወይ ስላት «አዎ» አለችኝ ሳታመነታ። አልጠበቅሁም ነበር። ሁላችንም ትምህርቷን ለማዳን ስንሯሯጥ ኳሱን እንደምትወደው ዘንግተነው ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርቼ ለቀቅሁ። ከዲኑ ጋር ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ እንደ ድሮው ግን በሬን ሳያንኳኩ ገብተው አያውቁም። ይህ የእኔ ቅጣት ነው፤ ትክክል ነው ብዬ ተቀብየዋለሁ።

በቅርቡ በአንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አርጅተዋል። ሌላ ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ እንደሆነ ነገሩኝ። እዚያ ሩጫ የሚወድ ወጣት ብዙ ነው፤ የሩጫ ቡድን ቢያቋቁሙ ምን ይመስልሻል አሉኝ። ሰው ያመጣል፣ ይህን አልጠራጠርም አልኳቸው።

«ልምምዱ በስንት ሰዓት ይሁን?» ብለው ጠየቁኝ።

የትምህርቱን ፕሮግራም አስቀድመው ያውጡና እኔም አብሬዎት ልየው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ፤ የትምህርቱ ፕሮግራም አስቀድሞ በእርሳስ ተጽፎበታል። መነጽሬን አደረግሁና እዚያው፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ ማንበብ ጀመርሁ።